በመኪና ላይ የሚተከል የአማተር ሬዲዮ አንቴና፦ ከካሳራኒ እስከ ሞያሌ ድምፅ እንዳይቋረጥ

ከናይሮቢ መሀል ከተማ በስተሰሜን ምሥራቅ የምትገኘው ካሳራኒ በሁለት ነገሮች ትታወቃለች። አንደኛው እአአ በ1987 ለመላው አፍሪካ ጨዋታዎች የተዘጋጀው የሞይ ዓለም አቀፍ የስፖርት ማዕከል ነው። ሁለተኛው በአቅራቢያዋ የሚያልፈው የቲካ አውራ ጎዳና ነው። ይህ ጎዳና በኢሲዮሎና በማርሳቢት አድርጎ ሞያሌ ላይ ከኢትዮጵያ ጋር የሚገናኘው የኤ2 መንገድ አካል ነው።

ከካሳራኒ ተነሥቶ ሞያሌ ለመድረስ ወደ 800 ኪሎ ሜትር ገደማ መጓዝ ይጠይቃል። መንገዱ ዛሬ አስፋልት ቢሆንም በከተሞቹ መካከል ባሉት ረጃጅም በረሃማ ስፍራዎች የሞባይል ስልክ ሊቋረጥ ይችላል። መኪና ቢገለበጥ፣ ጎርፍ መንገድ ቢቆርጥ ወይም ተሳፋሪ ቢታመም የመጀመሪያው ጥያቄ ‘ለማን እንናገር?’ ሳይሆን ‘በምን እንናገር?’ የሚለው ይሆናል።

ለዚህ ጥያቄ ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ካስቆጠሩት መልሶች አንዱ አማተር ሬዲዮ ነው። በብዙዎች ዘንድ ‘ሃም ሬዲዮ’ በመባል የሚታወቀው ይህ አገልግሎት ፈቃድ ያላቸው ግለሰቦች ያለ ንግድ ዓላማ፣ ያለ ስልክ ኩባንያና ያለ ኢንተርኔት እርስ በርስ የሚነጋገሩበት ነው። ነገር ግን በመኪና ውስጥ የተቀመጠ ውድ ሬዲዮ አንቴናው በአግባቡ ካልተተከለ ከአሮጌ የእጅ ሬዲዮ የተሻለ ላይሆን ይችላል።

የሳፋሪ ራሊ ያስተማረው

ኬንያ ውስጥ ሬዲዮና መኪና የቆየ ትውውቅ አላቸው። እአአ በ1953 የንግሥት ኤልሳቤጥ ዳግማዊትን ዘውድ መጫን ምክንያት በማድረግ የተጀመረው የሳፋሪ ራሊ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ትልልቆቹ ቡድኖች ከተወዳዳሪው መኪና በላይ ሄሊኮፕተር እያበረሩ ከፊት ለፊት የዱር እንስሳ፣ ከብት ወይም የሞላ ወንዝ መኖሩን ለአሽከርካሪው በሬዲዮ ያስጠነቅቁ ነበር። መልእክቱ ቢቆራረጥ ሊከተል የሚችለው አደጋ ግልጽ ነው።

ውድድሩ እአአ በ2002 ከዓለም ሻምፒዮና መርሐ ግብር ከወጣ በኋላ በሰኔ 2021 ሲመለስ፣ የመክፈቻው ልዩ ዙር 4.84 ኪሎ ሜትር ርዝመት ባለው የካሳራኒ መስመር ላይ ተካሂዷል። የዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን (ኤፍአይኤ) የደኅንነት መመሪያም በራሊ መስመሮች ላይ በየ5 ኪሎ ሜትሩ ገደማ የሬዲዮ ነጥብ እንዲኖር ይጠይቃል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ አደጋ ሲደርስ በሰው ብዛት የተጨናነቀ የስልክ መረብን መጠበቅ አይቻልም።

እአአ በ2024 የመጋቢት እስከ ግንቦት ዝናብ ወቅት ኬንያን የመታውና ከ200 በላይ ሰዎችን የገደለው ጎርፍም ተመሳሳይ ትምህርት ሰጥቷል። መንገድና የኤሌክትሪክ መስመር በአንድ ጊዜ ሲቆረጡ በራሱ ባትሪ የሚሠራ፣ ከቦታ ቦታ የሚንቀሳቀስ የመገናኛ መሣሪያ ዋጋው ከፍ ይላል።

በመኪና ሬዲዮ ምን ያህል ርቀት መነጋገር ይቻላል?

በመኪና ላይ በብዛት ጥቅም ላይ የሚውሉት ሞገዶች ሁለት ዓይነት ናቸው። ‘ቪኤችኤፍ’ እና ‘ዩኤችኤፍ’ የሚባሉት አጫጭር ርቀቶችን በጠራ ድምፅ ያገለግላሉ። ኢትዮጵያና ኬንያ በሚገኙበት የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት አንደኛ ቀጠና ለአማተሮች የተመደቡት ከ144 እስከ 146 እና ከ430 እስከ 440 ሜጋኸርትዝ ያሉት ናቸው። ‘ኤችኤፍ’ የሚባለው ደግሞ ከ3 እስከ 30 ሜጋኸርትዝ ያለው ሲሆን ከከባቢ አየር የላይኛው ክፍል ተንጸባርቆ በመመለስ አገርና አህጉር ያቋርጣል።

የቪኤችኤፍ ሞገድ በአብዛኛው የሚጓዘው ቀጥታ ነው። ስለዚህ ርቀቱን የሚወስነው ከሬዲዮው ጉልበት ይልቅ የአንቴናው ከፍታ ነው። በተግባር የሚሠራበት ስሌት የአንቴናውን ከፍታ በሜትር ወስዶ ስኩዌር ሩቱን በ4.12 ማባዛት ነው፤ ውጤቱ የሬዲዮው አድማስ በኪሎ ሜትር ይሆናል። ከመሬት 2 ሜትር ከፍ ያለ አንቴና ያለው መኪና አድማሱ 6 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሁለት እንዲህ ያሉ መኪኖች ሜዳ ላይ እስከ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ይሰማማሉ።

ነገሩ የሚለወጠው ተራራ ላይ ‘ሪፒተር’ ሲኖር ነው። ሪፒተር ደካማውን ድምፅ ተቀብሎ በሌላ ሞገድ ወዲያውኑ መልሶ የሚያሠራጭ ጣቢያ ነው። ከናይሮቢ 800 ሜትር ያህል ከፍ እንደሚሉት የንጎንግ ኮረብቶች ባለ ስፍራ ላይ የሚተከል ጣቢያ በስሌቱ መሠረት አድማሱ ከ100 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። በመሀል ሌላ ተራራ ካለ ግን ይህ ቁጥር በእጅጉ ይቀንሳል።

የመኪናው ጣሪያ የአንቴናው ግማሽ አካል ነው

ብዙ ጀማሪዎች የሚስቱት ቁም ነገር ይህ ነው። ቀጥ ብሎ የሚታየው ዘንግ የአንቴናው ግማሽ ብቻ ነው። ሌላው ግማሽ ከሥሩ ያለው ብረት ሲሆን ባለሙያዎች ‘የመሬት ገበታ’ ይሉታል። ሞገዱ የሚመጣጠነው በዘንጉና በዚህ ብረት መካከል ነው። ብረቱ ከሌለ ወይም በቂ ካልሆነ የሬዲዮው ጉልበት ወደ አየር ከመውጣት ይልቅ በገመዱ ላይ ተመልሶ ወደ መኪናው ውስጥ ይገባል።

የዘንጉን ርዝመት ማወቅ አስቸጋሪ አይደለም። 300ን በሜጋኸርትዝ ለተገለጸው ሞገድ ማካፈል የሞገዱን ርዝመት በሜትር ይሰጣል። ለ145 ሜጋኸርትዝ 2.07 ሜትር ይሆናል። ለመኪና የሚመረጠው የዚህ ሩብ ሲሆን፣ ዘንጉ ከአየር ጋር ባለው ግንኙነት ምክንያት ጥቂት አጥሮ በተግባር 49 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይደርሳል። ለ435 ሜጋኸርትዝ 16 ወይም 17 ሴንቲ ሜትር ይበቃል።

የመሬት ገበታውም በየአቅጣጫው ቢያንስ ይህንኑ የሩብ ሞገድ ርዝመት ያህል ቢዘረጋ ይመረጣል። ለቪኤችኤፍ ከዘንጉ ሥር በሁሉም በኩል 50 ሴንቲ ሜትር ብረት ማለት ነው። የአብዛኞቹ የቤት መኪኖች የብረት ጣሪያ ይህን ያሟላል።

የት ቦታ ይተከል?

የጣሪያው መሀል ከሁሉም የተሻለ ነው። ከፍታ አለው፣ ብረቱ በሁሉም አቅጣጫ እኩል ይዘረጋል፣ ሞገዱም በዙሪያው እኩል ይሠራጫል። ከዚህ ሌላ ለጤናም ይጠቅማል፤ የጣሪያው ብረት በተሳፋሪዎቹና በአንቴናው መካከል እንደ ጋሻ ሆኖ ያገለግላል።

አንቴናው በመኪናው ጥግ ላይ ሲተከል ሞገዱ ብረቱ ወደሚበዛበት አቅጣጫ ያደላል። ለምሳሌ ከኋላ በግራ በኩል ከተተከለ ወደ ፊት ቀኝ የሚሄደው ድምፅ ይጠነክራል፤ ወደ ኋላ የሚሄደው ይዳከማል። በፓራውልት ላይ ሲተከል ደግሞ የመኪናው አካል ራሱ ይጋርደዋል። በመንገድ ላይ ተሳፋሪና አላፊ አግዳሚ ሊነካው ስለሚችልም ጥንቃቄ ይጠይቃል።

በናይሮቢ ጎዳናዎች ላይ በብዛት የሚታዩት የአስጎብኚ ሚኒባሶች የተለየ ችግር አላቸው። ተከፋች ጣሪያቸው ብዙ ጊዜ ከፋይበርግላስ የሚሠራ በመሆኑ የመሬት ገበታ ሊሆን አይችልም። የድሮዎቹ ላንድሮቨር ዲፌንደሮች አካል ደግሞ አሉሚኒየም ነው፤ ለሬዲዮው ችግር ባይሆንም ማግኔት አይዝም። እንዲህ ላሉት መኪኖች ሦስት አማራጮች አሉ። አንቴናውን በኮፈኑ ማጠፊያ ላይ በብረት መያዣ ማሰር፣ በፋይበርግላሱ ሥር ሰፊ ላሜራ ዘርግቶ ማያያዝ፣ ወይም የመሬት ገበታ እምብዛም የማይፈልገውን የግማሽ ሞገድ አንቴና መግዛት ነው።

ፖርቶ መጋላ ላይ ማሰርም የተለመደ ነው። ሆኖም ብዙ ፖርቶ መጋላዎች በቀለምና በጎማ ተለይተው ስለሚታሰሩ ከመኪናው አካል ጋር የኤሌክትሪክ ግንኙነት የላቸውም። ቀለሙን በትንሹ ፍቆ በአጭርና ሰፊ የመዳብ ጥልፍ ከጣሪያው ጋር ማገናኘት ያስፈልጋል።

ማግኔት፣ መያዣ ወይስ ቀዳዳ?

ማግኔት ያለው መያዣ ለጀማሪ ቀላሉ ነው። መኪናው አይቀደድም፤ ሲፈለግም ይነሣል። ጉድለቱ በፍጥነት ላይ ከዝቅተኛ የዛፍ ቅርንጫፍ ጋር ሲጋጭ መውደቁ፣ ከሥሩ የሚጠራቀመው አቧራና አሸዋ ቀለሙን መፋቁ፣ ገመዱም በበሩ ጎማ ሲጨፈለቅ መጎዳቱ ነው። እንደ ማርሳቢት ባሉ አቧራማ መንገዶች የሚጓዝ ሰው ማግኔቱን በየጊዜው አንሥቶ ሥሩን ማጽዳት ይኖርበታል።

በኮፈን ወይም በኋላ በር ጠርዝ ላይ በብሎን የሚታሰረው መያዣ መካከለኛ መፍትሔ ነው። በዚህ ጊዜ የብሎኖቹ ጫፍ ቀለሙን አልፎ ብረቱን መንካቱ መረጋገጥ አለበት። ከዚያም ዝገት እንዳይጀምር የተፋቀው ቦታ ቅባት ይቀባል።

ለረጅም ጊዜ የሚበጀው ግን ጣሪያውን መቅደድ ነው። ለዚህ ሥራ የሚያገለግለው የተለመደ መያዣ 19 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቀዳዳ ይፈልጋል። ትራፓኖው ከመነሣቱ በፊት የውስጥ ጣሪያው ልባስ ወርዶ ከሥሩ የመብራት ገመድ፣ ደጋፊ ብረት ወይም የጎን ኤርባግ አለመኖሩ ይታያል። የቀዳዳው ጠርዝ ይለሰልሳል፤ ዝገት መከላከያ ይቀባል፤ የጎማ ማሸጊያውም በሚገባ ይጠብቃል። ብዙ የመኪና ባለቤቶች ቀዳዳ ቢፈሩም በትክክል የተሠራ ቀዳዳ ውኃ አያስገባም።

የአንቴናው ጠቅላላ ቁመትም ይታሰብበት። የገበያ ማዕከላትና የመኪና ማቆሚያዎች መግቢያ ላይ የከፍታ ገደብ ያላቸው ብረቶች ይኖራሉ። ከሥሩ የሚታጠፍ አንቴና ይህን ችግር ያቃልላል።

ገመዱ ሲሰርቅ

ከሬዲዮው ወደ አንቴናው የሚሄደው ኮአክሲያል ገመድ ጉልበት ይበላል። በመኪና ላይ የተለመደው ቀጭኑ ‘አርጂ-58’ ገመድ በ145 ሜጋኸርትዝ 5 ሜትር ሲረዝም ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ገደማ ያባክናል። በ435 ሜጋኸርትዝ የሚባክነው ወደ አንድ ሦስተኛ ይጠጋል። ስለዚህ የማያስፈልግ ትርፍ ገመድ ጠቅልሎ ከመቀመጫ ሥር ከማስቀመጥ ልክ ቆርጦ መጠቀም የተሻለ ነው።

ገመዱ ወደ መኪናው ከሚገባበት ቦታ በፊት ወደ ታች ጎንበስ ብሎ እንዲታጠፍ ይደረጋል። የዝናብ ውኃ ገመዱን ተከትሎ ወደ ውስጥ ከመግባት ይልቅ ከታጠፈበት ዝቅተኛ ቦታ ላይ ይንጠባጠባል። የውጭ ማያያዣዎችም ውኃ በማያስገባ ፕላስተር መጠቅለል አለባቸው። ውኃ የገባበት ኮአክሲያል ከውጭ ሲታይ ደህና ይመስላል፤ ውስጡ ያለው መዳብ ግን ይበላሻል።

ገመድም ሆነ ሬዲዮ ኤርባግ በሚፈነዳበት አቅጣጫ ላይ ፈጽሞ መቀመጥ የለበትም። በግጭት ጊዜ ያልተሰቀለ ወይም በደንብ ያልታሰረ ሬዲዮ ራሱ ሰው የሚጎዳ ዕቃ ይሆናል።

ኃይሉን ከየት ማግኘት ይሻላል?

50 ዋት የሚያወጣ የቪኤችኤፍ ሬዲዮ ሲናገር ከ10 እስከ 12 አምፔር ይወስዳል። 100 ዋት ያለው የኤችኤፍ ሬዲዮ ከ20 አምፔር በላይ ይፈልጋል። የሲጋራ መለኮሻ ሶኬት ይህን በአስተማማኝ ሁኔታ አይሸከምም፤ ሊግልና እሳት ሊያስነሣ ይችላል።

ትክክለኛው አሠራር ከባትሪው በቀጥታ ወፍራም ሽቦ መዘርጋት ነው። ለ50 ዋት 4፣ ለ100 ዋት 6 ካሬ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የመዳብ ሽቦ ተመራጭ ነው። 3 ሜትር በሚረዝም 1 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ 12 አምፔር ሲያልፍ ከ1 ቮልት በላይ በመንገድ ላይ ይጠፋል፤ ሬዲዮውም ንግግር ሲጀመር ሊጠፋ ይችላል።

ፊውዙ የሚቀመጠው ሬዲዮው አጠገብ ሳይሆን ባትሪው አጠገብ ነው። ፊውዝ የሚጠብቀው ሬዲዮውን ብቻ ሳይሆን ሽቦውንም ነው። ሽቦው በሞተሩ ግድግዳ ቀዳዳ ሲያልፍ በብረት ተቆርጦ ቢነካካ፣ ከባትሪው የራቀ ፊውዝ እሳቱን አይከላከልም። በቀዳዳው ላይ የጎማ ቀለበት ማድረግም ግዴታ ነው። በአሉታዊው የባትሪ ጫፍ ላይ መለኪያ ባላቸው አዳዲስ መኪኖች ጥቁሩ ሽቦ ባትሪው ከመኪናው አካል ጋር በሚታሰርበት ነጥብ ላይ ይያያዛል።

ከመናገር በፊት መለካት

አንቴናው ከተተከለ በኋላ ሬዲዮው በሙሉ ጉልበት አይከፈትም። መጀመሪያ በዝቅተኛ ጉልበት ‘ኤስደብልዩአር’ ይለካል። ይህ ቁጥር ወደ አንቴናው ከተላከው ጉልበት ምን ያህሉ ተመልሶ እንደሚመጣ ያሳያል። 1.5 ሲሆን 4 በመቶ፣ 2 ሲሆን 11 በመቶ፣ 3 ሲሆን 25 በመቶ ይመለሳል። እስከ 1.5 ያለው ጥሩ ነው፤ ከ2 በላይ ከሆነ ግን ምክንያቱን መፈለግ ይገባል።

ልኬቱ መኪናው ከግድግዳና ከሌሎች መኪኖች ርቆ፣ በሮቹና ኮፈኑ ተዘግተው ይካሄዳል። ዝቅተኛው ቁጥር ከሚፈለገው ሞገድ በታች ከተገኘ ዘንጉ ረዝሟል ማለት ነው፤ ከበላይ ከተገኘ አጥሯል። በ145 ሜጋኸርትዝ አካባቢ 1 ሚሊ ሜትር መቁረጥ 0.3 ሜጋኸርትዝ ገደማ ያንቀሳቅሳል። ስለዚህ ጥቂት በጥቂት እየቆረጡ ደጋግሞ መለካት ያስፈልጋል። የተቆረጠ ዘንግ መልሶ አይረዝምም።

ቁጥሩ በየትኛውም ሞገድ ላይ ከፍ ያለ ከሆነ ችግሩ ርዝመት አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ የላላ ማያያዣ፣ ብረቱን ያልነካ መያዣ ወይም የተጎዳ ገመድ ይገኛል።

ረጅም ርቀት፦ ነጫጭ ላንድክሩዘሮች ላይ የሚታየው ረጅም ዘንግ

በኢትዮጵያም ሆነ በኬንያ ገጠሮች የእርዳታ ድርጅቶች ላንድክሩዘር ፊት ለፊት ሲወዛወዝ የሚታየው ረጅምና ወፍራም ዘንግ የኤችኤፍ አንቴና ነው። አማተሮችም በተመሳሳይ መንገድ ይሠራሉ፤ የሚጠቀሙባቸው ሞገዶች ግን የተለዩ ናቸው።

እዚህ ላይ ያለው ፈተና ርዝመት ነው። ለ7.1 ሜጋኸርትዝ ሩብ ሞገድ ከ10 ሜትር በላይ ይሆናል፤ ይህን መኪና ላይ ማቆም አይቻልም። ስለዚህ ከ2 እስከ 3 ሜትር ያለ ዘንግ በመጠምጠሚያ ሽቦ ‘እንዲረዝም’ ይደረጋል። ዋጋው ብክነት ነው፤ በዝቅተኛዎቹ ሞገዶች ከሬዲዮው ጉልበት ወደ አየር የሚወጣው ከአስር እጅ አንዱ ብቻ ሊሆን ይችላል። መጠምጠሚያው ከሥር ይልቅ ወደ ዘንጉ መሀል ከፍ ሲል ውጤቱ ይሻሻላል። ኮፈኑን፣ በሮቹን፣ የጭስ ማውጫውንና ሻንሲውን በሰፊ የመዳብ ጥልፍ እርስ በርስ ማገናኘትም ብክነቱን ይቀንሳል፤ ከሞተሩ የሚመጣውንም ጫጫታ ያዳክማል።

ቀጥ ብሎ የቆመ ዘንግ በቀጥታ ወደ ላይ ብዙም አይልክም። ከተራራ ጀርባ ያለ፣ ከ100 እስከ 300 ኪሎ ሜትር የሚርቅ ጣቢያን ለማግኘት ግን ሞገዱ ወደ ላይ ወጥቶ መመለስ አለበት። ልምድ ያላቸው አማተሮች መኪናውን አቁመው ዘንጉን ወደ ኋላ አጋድመው ያስሩታል፤ ወይም በዛፎች መካከል ቀላል የሽቦ አንቴና ይዘረጋሉ። የዓለም አቀፉ አማተር ሬዲዮ ኅብረት በአንደኛው ቀጠና ለአስቸኳይ ጊዜ መሰባሰቢያ ካሳወቃቸው ሞገዶች መካከል 7.110 እና 14.300 ሜጋኸርትዝ ይገኙበታል።

የኤሌክትሪክ መኪኖች አዲስ ጥያቄ

ኢትዮጵያ እአአ በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መከልከሏ ለአማተሮችም አዲስ ሁኔታ ፈጥሯል። የኤሌክትሪክ መኪኖች ኃይል መለወጫዎች በኤችኤፍ ላይ ከፍተኛ ጫጫታ ሊያሰሙ ይችላሉ፤ አንዳንዶቹም ጣሪያቸው መስታወት ስለሆነ የመሬት ገበታ አይኖራቸውም።

ሬዲዮው ኃይል የሚያገኘው ከአነስተኛው የ12 ቮልት ባትሪ ብቻ ነው። ብርቱካናማ ሽፋን ያላቸው ገመዶች የመቶዎች ቮልት ኃይል ስለሚያልፍባቸው ሊገድሉ ይችላሉ፤ ማንም ያልሠለጠነ ሰው ሊነካቸው አይገባም። አነስተኛው ባትሪ ቶሎ የሚዳከም በመሆኑም መኪናው ጠፍቶ ለረጅም ጊዜ መናገር መኪናው እንዳይነሣ ሊያደርግ ይችላል።

ያለ ፈቃድ አንቴና መትከል ምን ያስከትላል?

በኬንያ የሬዲዮ ሞገድን የሚቆጣጠረው የኬንያ ኮሙኒኬሽንስ ባለሥልጣን ነው። በኢትዮጵያ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የኬንያ አማተሮች የጥሪ መለያ ብዙውን ጊዜ በ‘5ዜድ4’፣ የኢትዮጵያውያኑ በ‘ኢቲ3’ ይጀምራል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ግቢ የሚገኘው የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር ጣቢያ ‘ኢቲ3ኤኤ’ በሚለው መለያው በዓለም ዙሪያ ይታወቃል።

የአንድ አገር ፈቃድ ብቻውን በሌላ አገር አያሠራም። ከናይሮቢ ተነሥቶ በሞያሌ በኩል የሚያልፍ አማተር ከጉዞው አስቀድሞ የኢትዮጵያን ፈቃድ መጠየቅና ለመሣሪያው የጉምሩክ ሰነድ መያዝ ይኖርበታል። ያለ ሰነድ የተገኘ ሬዲዮ ሊወረስ፣ ባለቤቱም በጥርጣሬ ሊያዝ ይችላል። የጸጥታ ፍተሻ በበዛባቸው መንገዶች ላይ ረጅም አንቴና ዓይን ይስባል፤ የፈቃዱን ቅጂ ከመኪናው አለመለየት ብዙ እንግልት ያስቀራል።

ደንቡም ግልጽ ነው። አማተር ሬዲዮ ለንግድ አይውልም፤ መልእክቱም ትርጉሙን ለመደበቅ በምስጢር አይጻፍም። የሚነገረው ሁሉ ለሚያዳምጥ ሁሉ ክፍት ነው። በሌላ በኩል ዓለም አቀፉ የሬዲዮ ደንብ እአአ በ2003 ከተሻሻለ ወዲህ በአደጋ ጊዜ አማተሮች የሌሎች ሰዎችን መልእክት ድንበር አቋርጠው እንዲያስተላልፉ ይፈቅዳል።

አሽከርካሪው በጉዞ ላይ ሳለ ሞገድ መፈለግም ሆነ ረጅም ጭውውት መያዝ የለበትም። ንግግሩን አብሮት የተቀመጠው ሰው ቢይዘው፣ ካልሆነም መኪናው ዳር ይዞ ቢቆም ይመረጣል። መብረቅ ያለበት ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ገላጣ ሜዳ ላይ ረጅም ዘንግ አቁሞ መናገር አደገኛ ነው።

ከካሳራኒ ለመነሣት የተዘጋጀ መኪና ዘይቱና ጎማው እንደሚታይ ሁሉ አንቴናውም ሊታይ ይገባዋል፤ መያዣው አልላላምን? ማያያዣው ደረቅ ነውን? ቁጥሩ ባለፈው ከተለካው አልተለወጠምን? ይህ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። የሚያስፈልገው ቀን ሲመጣ፣ ስልኩ ዝም ባለበት በረሃ፣ ለመሥራት ጊዜ አይገኝም።